ማሩም መድኃኒት፣ መርዙም መድኃኒት?



በአማርኛችን ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ተሸክሞ የሚኖር ቃል አለ። ሳል ለጠናበት ልጅ በማንኪያ ጫፍ የምናቀምሰውን የጣዝማ ማር «መድኃኒት ነው» እንላለን። አገር ቤት ያለው ወንድማችን መርጫ በጀርባው አዝሎ ሽምብራው ወይም ሽንኩርቱ ላይ የሚያርከፈክፈውንም «መድኃኒት ረጨሁ» ይለናል። የመጀመሪያውን መድኃኒት የምትሠራው ጣዝማ ናት። ሁለተኛው መድኃኒት ጣዝማን ይገድላል። ሁለቱን በአንድ ስም እየጠራን ስለኖርን፣ አንዱ ሌላውን ሲያጠፋ ልብ ሳንለው ቀረን።

አሁን የምትማሩት ዕብራይስጥ ሁለቱን ይለያቸዋል። ለበሽተኛ የሚታዘዘው «ትሩፋ» ነው። ለተባይ የሚረጨው ግን «ሖሜር ሀድባራ» ይባላል፤ በብዙ ዕቃዎች ላይም «ራዓል»፣ ማለትም መርዝ የሚል ቃል ከራስ ቅል ሥዕል ጋር ታትሞ ታዩታላችሁ። አንድ ሰው «ማሳዬ ላይ ትሩፋ ረጨሁ» ቢል ሰሚው ግራ ይጋባል። በእኛ ቋንቋ ግን ማንም ግራ አይጋባም፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው።

በቤር ሼቫ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ አዲስ ገቢ ቤተሰቦችን እቤታቸው ድረስ ሄጄ እንዳነጋግር ያደርገኛል። በብዙ ቤት ሁለት ነገር አገኛለሁ። አንደኛው ከጎንደር በሰው እጅ የመጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥንቃቄ የተቀመጠ የጣዝማ ማር ነው። ሁለተኛው የወር ገቢና ወጪ አብረን ስንጽፍ የሚመጣ መስመር ነው፤ «ለወንድሜ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት የምልከው» የሚል። ገንዘቡ ከዚህ ይሄዳል፣ ማሩ ከዚያ ይመጣል። ታዲያ በምንልከው ገንዘብ የሚገዛው ነገር የሚላክልንን ማር ምንጭ እያደረቀ ከሆነ ዝም ልንል ይገባናል? የዛሬው አስተያየቴ ዝም ልንል አይገባም የሚል ነው።

ጣዝማ ማን ናት?

ገጠር ያደጋችሁ ጣዝማን ታውቋታላችሁ። ጎንደር ከተማ ወይም አዲስ አበባ ጉዞ ሲጠባበቁ ያደጉ ልጆቻችሁ ግን ላያውቋት ይችላሉ፤ ስለዚህ ስለ እርሷ ጥቂት ልበል። ጣዝማ ከማር ንብ ታንሳለች። የመናደፊያዋ እሾህ የማይሠራ በመሆኑ አትናደፍም። ሊቃውንት ሜሊፖኑላ ቤካሪይ የሚል የሳይንስ ስም ሰጥተዋታል። መናደፍ የማይችሉ ዘመዶቿ በአፍሪካ፣ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ሞቃት አገሮች የሚኖሩ ሲሆን ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች ይታወቃሉ። እስራኤል ውስጥ ግን አንድም የለም።

ጣዝማ ቤቷን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው። ከላይ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳዋን ለማግኘት በትዕግሥት ተቀምጦ ስትገባና ስትወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከውስጥ ማሯን እንደ ማር ንብ በእንጀራ መልክ አታስቀምጥም፤ ከሰምና ከዛፍ ሙጫ አቀላቅላ በሠራቻቸው ትንንሽ ማሰሮዎች ታጠራቅማለች። ማሯ ቀጠንና ኮምጠጥ ያለ ነው። ከአንድ ጎጆ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ከተራው ማር በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

መርዙ ለምን በእርሷ ላይ ይበረታል?

የተባይ መርዝ ንብን ሁሉ ይጎዳል። ሆኖም በጣዝማና በዘመዶቿ ላይ የሚበረታባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው መጠኗ ነው። ለትልቅ ሰው የታዘዘ ክኒን ለሕፃን እንደማይሰጥ ሁሉ፣ አንዲት የማር ንብ የምትቋቋመው ጠብታ ለትንሿ ጣዝማ ከልክ ያለፈ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎችን ያነጻጸረ ጥናት የማይናደፉት ንቦች በጠቅላላው ከማር ንብ ይልቅ በመርዝ ቶሎ እንደሚጎዱ አሳይቷል።

ሁለተኛው ልጆቿን የምታሳድግበት መንገድ ነው። የማር ንብ ሞግዚቶች እጮቻቸውን በየጊዜው እየተመላለሱ፣ ከራሳቸው አካል በሚያመነጩት ምግብ ጭምር ይመግባሉ። ጣዝማ ግን እያንዳንዱን የልጅ ክፍል በአበባ ዱቄትና በወለላ ትሞላለች፣ እንቁላል ይጣልበታል፣ ከዚያም ይታሸጋል። ልጁ ከዚያ የሚወጣው አድጎ ነው፤ እስከዚያው የተሰጠውን ስንቅ ብቻ ይበላል። ስንቁ ውስጥ መርዝ ከገባ የሚያጣራለት የለም። በብራዚል ተመራማሪዎች የዚያን አገር የማይናደፉ ንቦች እጮች ኢሚዳክሎፕሪድ በሚባል መርዝ በተበከለ ምግብ አሳድገው ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ከሞት የተረፉት የአንጎላቸው ክፍል በሚገባ አላደገም፤ አካሄዳቸውም የተዛባ ነበር። መንገዷን የማታውቅ ንብ ደግሞ ለቤቷ ምግብ ልታመጣ አትችልም።

ሦስተኛው ምክንያት ለእኛ በተለይ የሚገባን ይመስለኛል። የማር ንብ አካባቢዋ ሲከፋባት ቀፎዋን ጥላ ትኮበልላለች። የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚተልቅ መብረር አትችልም። አዲስ መንደር ሲመሠረትም ሠራተኞቹ ሰሙንና ስንቁን ከእናት ቤት እያመላለሱ ለብዙ ቀን ያዘጋጃሉ፤ ስለዚህ አዲሱ ቤት ከአሮጌው ርቆ አይሠራም። እኛ ክፉ ዘመን ሲመጣ ተነሥቶ መሄድ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። ጣዝማ ይህ ዕድል የላትም። መርዙ ከመጣባት ባለችበት ትሞታለች፤ የጠፋችበትን ሠፈር መልሶ ለመሙላትም ብዙ ዘመን ይወስዳል።

አራተኛው ባለቤት የሌላት መሆኗ ነው። የማር ንብ ቀፎው ፊት ለፊት ረግፋ ስትገኝ ባለቤቷ ይጮኻል። በአማራ ክልል ያሉ ንብ አናቢዎች የሚረጨው ኬሚካል ንባቸውን እንደጨረሰው ለዓመታት ሲያመለክቱ ኖረዋል። ጣዝማ ስትሞት ግን ከመሬት በታች ነው። ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ ሣር ይበቅልበታል። በሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አቤቱታ ያልቀረበበት ቤት ሁሉ ሰላም ያለበት ቤት አለመሆኑን ነው።

የሚረጨው ምንድን ነው?

የቆላ ሰዎች ዲዲቲን ታስታውሳላችሁ። የወባ ሠራተኞች የቤቱን ግድግዳ ሲረጩበት የኖሩት እርሱ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለወባ ትንኝ ተጠቅማበታለች፤ ከዚያ ተርፎ ወደ እርሻ ማሳ የሾለከም ነበር። ዛሬ በየገበያው የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። በመስኖ በሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በመተማና በቋራ በኩል ባለው ጥጥ፣ በጫትና በጥራጥሬ ላይ እነማላታዮን፣ ዳይሜቶየትና ክሎርፓይሪፎስ ይረጫሉ። በጤፍና በስንዴ ማሳ ደግሞ ለአረም ቱፎርዲ አለ። ይህ የአረም ማጥፊያ ንቧን በቀጥታ ባይገድላትም በማሳው ዳር የሚያብበውን ሁሉ ያደርቅና ያለ ምግብ ያስቀራታል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያን ሲመታ፣ በተለይም በ2020 ጥቅምት ወር ራያ ቆቦንና አካባቢውን ሲወርር፣ ከአውሮፕላንም ከመሬትም መርዝ ተረጭቷል። ከተረጩትም ውስጥ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ይገኙበታል። አንበጣ የደረሰ እህል በአንድ ቀን የሚጨርስ ጠላት ነው፤ መርጨቱ አያስፈልግም ነበር አልልም። የምለው፣ ከጎጆዋ መውጣት የማትችለው ጣዝማ በዚያ ጊዜ የደረሰባትን የጠየቀ አልነበረም ነው።

ዓለም በእነዚህ መርዞች ላይ ያለውን አቋም እየቀየረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለንብ አደገኛ ሆነው የተገኙትን ኢሚዳክሎፕሪድንና ሁለት ዘመዶቹን እ.ኤ.አ. በ2018 ሜዳ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። ክሎርፓይሪፎስን በ2020 ከገበያው አወጣው። በ2025 ደግሞ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች፣ ለአንዳንድ አጠቃቀሞች ጊዜ ቢሰጡም፣ ክሎርፓይሪፎስን ከምድር እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት መርዞች ጋር አስገቡት። ኢትዮጵያም ሕግ አላት፤ የንብ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 660 በ2009፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2010 ወጥተዋል። ነገር ግን በገበያ ቀን ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ያለ ስምና ያለ ጽሑፍ ለሚሸጥ መርዝ ሕጉ ምን ያደርገዋል? ገዢው የሚያውቀው «መድኃኒት» መሆኑን ብቻ ነው።

«ሰው እየተቸገረ ስለ ጣዝማ ይወራል?»

ይህን ጥያቄ የምታነሡ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ገበሬው መርዝ የሚረጨው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄደውበታል፣ አረሙ በእጅ የሚነቀል አልሆነም፣ ትሉ ሽምብራውን እየበላበት ነው። ነጋዴው ያለውን ከማመን በቀር አማራጭ የለውም።

ቢሆንም የጣዝማና የንብ ነገር ከእህሉ የተለየ ጉዳይ አይደለም። ኑግን ውሰዱ። አንድ የኑግ ተክል በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ኑግ ዱቄት ሊመጣለት ይገባል። አመላላሾቹም ንቦችና መሰሎቻቸው ናቸው። ባቄላም ንብ ስትጎበኘው የተሻለ ያፈራል። ስለዚህ በአበባ ጊዜ መርዝ የሚረጭ ሰው በአንድ እጁ ትሉን ሲገድል በሌላ እጁ የራሱን ጎተራ ይቀንሳል። በተጨማሪም መርዙ ያለ ጓንት የሚረጨውን ገበሬ ራሱን፣ ባዶውን ጀሪካን አጥባ ውኃ የምትቀዳበትን ሚስቱንና ልጆቹን ያገኛል። ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ የነፍሳትን ነርቭ በሚያውኩበት መንገድ የሰውንም ነርቭ ያውካሉ፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው።

ደግሞም ጥፋቱን ሁሉ በመርዝ ብቻ ማመካኘት ፍትሕ አይሆንም። ጣዝማን የሚያጠፋ ሌላም እጅ አለ፤ እርሱም አካፋ ነው። ማሩን ለማውጣት ጎጆው ተቆፍሮ ሲፈርስ፣ መብረር የማትችለው ንግሥት ከነልጆቿ እዚያው ትቀራለች። ዋጋው በተወደደ ቁጥር ቆፋሪው ይበዛል። እዚህ ሆነን «በምንም ያህል ዋጋ ይሁን ፈልጉልኝ» ስንል አካፋውን የምናቀብለው እኛ ነን። በኢትዮጵያ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል የማይናደፉትን ንቦች በሣጥን ለማርባት ሲሞክር ቆይቷል፤ ጎጆ ሳይፈርስ ማር ለማግኘት የተሻለው መንገድም ይህ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን መርዝና አካፋ አንድ ላይ ከመጡባት አትተርፍም።

እዚህ አገር የምናየው

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ያሉትን ከሩቅ ለመውቀስ አይደለም። እስራኤልም ብዙ መርዝ የሚረጭበት አገር ነው። ሆኖም ልንማርበት የሚገባ ነገር አለ።

ከእናንተ መካከል በኔጌቭና በዓራቫ በሚገኙ «ሐማሞት»፣ ማለትም በፕላስቲክ በተሸፈኑ የአትክልት ቤቶች ሥራ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። ቲማቲም በሚበቅልበት ሐማማ ውስጥ የካርቶን ሣጥን ተቀምጦ፣ ከእርሱም ወፍራምና ጠጉራም ንቦች ሲወጡ ልታዩ ትችላላችሁ። ቦምቡስ ይባላሉ። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን የሚለቀው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ንቧም አበባውን ይዛ ታርገፈግፈዋለች። ከዚህ በፊት ይህን ሥራ ሠራተኞች በመሣሪያ እየዞሩ ይሠሩት ነበር። በቤት ሼዓን ሸለቆ በሚገኘው ስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ እነዚህን ንቦች፣ እንዲሁም ተባይን የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳትን አርብቶ ለገበሬው የሚሸጥ ድርጅት አለ። ቦምቡስ የገዛ ገበሬ እንደፈለገው መርጨት አይችልም፤ ከረጨ የገዛቸው ሠራተኞች ይሞቱበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያስባል፣ ቀጥሎ የትኛው መርዝ ንብ እንደማይገድል ይጠይቃል፣ መርጨት ግድ ከሆነበትም ሣጥኑን ዘግቶ ያወጣል። ይህን የሚያደርገው ደግ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ንቧ ዋጋ ስለተሰጣት ነው። ለጣዝማም የጎደላት ይኸው ነው።

የዱር ንቦችም በዙሪያችን አሉ። በእስራኤል 1,100 ያህል የዱር ንብ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ እንደ ጣዝማ በመንደር ሳይሆን ለየብቻቸው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በአፈር ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ። ቤር ሼቫ የቆመችበት ለስላሳ አቧራማ አፈር ለመቆፈር ይመቻቸዋል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሜዳው አበባ ሲለብስ፣ በሕንጻችሁ አጠገብ ባለው ራቁት መሬት ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎችና የሚመላለሱ ንቦች ብታዩ፣ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው እንጂ የበረሮ መርዝ አምጥታችሁ አትርጩባቸው። ጣዝማን ላላየ ልጅ ስለ ጣዝማ መንገር የሚጀመረው ከዚያች ቀዳዳ ነው።

ምን እናድርግ?

ከቤታችን እንጀምር። የበረሮና የጉንዳን መርዝ ከመጣበት ዕቃ ወደ ኮላ ጠርሙስ አይገልበጥ፤ ከምግብ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ። ልጅ ከቀመሰው ወይም ሰው ከተነፈሰውና ከታመመ 101 ደውሉ፤ በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከልም በ04-7771900 ሌሊትና ቀን ይመልሳል። በእርሻ የምትሠሩ ደግሞ ወደ ሐማማው ከመግባታችሁ በፊት «ማታይ ሪሰሱ ፖ?»፣ ማለትም «እዚህ መቼ ተረጨ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተረጨ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ሳያልፍ መግባት ክልክል ነው፤ መጠየቅም ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ስለ ማሩም አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን የጣዝማም ሆነ ሌላ ማር አይሰጥም። በቲፓት ሐላቭ ያለችው ነርስ ይህን ስትነግራችሁ ባህላችንን መናቋ አይደለም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሐዋስ ሕፃናትን ለከባድ በሽታ ስለሚዳርግ ነው።

ቀጥሎ ወደ ስልኩ እንሂድ። ገንዘብ የሚልክ ሰው ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው፤ በገንዘቡም ምክር አብሮ መላክ ይችላል። ለወንድማችሁ እንዲህ በሉት፦

ስሙና አጠቃቀሙ ያልተጻፈበትን፣ ከጀሪካን የተቀዳውን አትግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። ትሉ ሳይታይ «ለማንኛውም» ብለህ አትርጭ። ሰብሉም ሆነ በመካከሉ ያለው አረም አብቦ ሳለ አትርጭ። ግድ ከሆነብህ ንቦች ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ይህ ላዩ ላይ የሚቀረውን መርዝ ጉዳት ይቀንሳል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለውን፣ ተክሉ ውስጥ ገብቶ እስከ አበባው ወለላ የሚደርሰውን ግን ምሽት አያድነውም፤ እርሱን ጨርሶ ከአበባ አርቀው። የማሳውን ዳርቻ ከነአበባው ተወው። የጣዝማ ቀዳዳ የምታውቅ ከሆነ ዙሪያውን አጥረው፣ አትረስበት፣ አትርጭበት፤ ልጆችህም ይወቁት። ባዶውን ዕቃ ቀዳደህ አስወግደው እንጂ ለውኃ አታውለው።

ማሩን በተመለከተም ጎጆ አፍርሶ ለሚሸጥ ሰው ዋጋ አንጨምርለት። የጣዝማ ማር ለእንግዳ የሚቀርብ ጌጥ ሲሆን ቆፋሪው ይበዛል፤ ለችግር ጊዜ በጥቂቱ የሚቀመጥ ሲሆን ግን ለእርሷም ፋታ ይሆናታል።

ከሁሉ በፊት ግን አነጋገራችንን እናርም። ዕብራይስጥ ስንማር «ትሩፋ» እና «ራዓል» ሁለት መሆናቸውን ከተማርን፣ በአማርኛችንም ሁለት ስም እንስጣቸው። የሚረጨውን መርዝ እንበለው። መርዝ ያለ ሰው ሲገዛ ይጠይቃል፣ ሲያስቀምጥ ይቆልፋል፣ ሲረጭ ይጠነቀቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ከአገር ቤት ተደውሎ «ለመድኃኒት ላኩልኝ» ስትባሉ፣ ከመላካችሁ በፊት «የትኛውን መድኃኒት?» ብላችሁ ጠይቁ።